ደብረ ማርቆስ፦ 22 ወይስ 8?

አሮጌ ማይኤስኪውኤል ዳታቤዝ ላይ ያለ አማርኛ ተበላሸ ሲባል ብዙ ሰው ዘሎ ቴብሉን በ«ኮንቨርት ቱ» ትእዛዝ ወደ ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 ኢንኮዲንግ (ፊደል በባይት የሚጻፍበት ዘዴ) ይቀይረዋል። አትቸኩሉ፤ መጀመሪያ ቁጠሩ።

ለጎጃም ዳታ «ደብረ ማርቆስ» የሚለው አንድ ሬኮርድ ይበቃል። ሰባት ፊደልና አንድ ስፔስ፣ 8 ካራክተር ነው። በዩቲኤፍ8 የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚይዝ 22 ባይት ይወጣዋል። ባይቱን በ«ሌንግዝ»፣ ካራክተሩን በ«ቻር ሌንግዝ» ጠይቁ። 22 እና 8 ካለ ዳታው ደህና ነው፤ ስክሪኑ ላይ የጥያቄ ምልክት ቢደረደርም እንኳ ጥፋቱ ፕሮግራሙን ከዳታቤዙ የሚያገናኘው ኮኔክሽን ነው። 22 እና 22 ካለ ባይቱ ትክክል ሆኖ ኮለሙ በስህተት ላቲን1 (እያንዳንዱን ባይት እንደ አንድ ካራክተር የሚቆጥር ኢንኮዲንግ) ተብሏል። ባይቱ ከ22 በልጦ ካራክተሩ 22 ከሆነ አንድ ሰው ቀድሟችሁ «ኮንቨርት ቱ» ብሏል። 8 እና 8 ከሆነ ግን የተቀመጠው ራሱ የጥያቄ ምልክት ነው፤ ያለ ባክአፕ አይመለስም።

የሚበዛው 22 እና 22 ነው። እዚህ ላይ «ኮንቨርት ቱ» 22ቱን ባዕድ ምልክቶች አንድ በአንድ ተርጉሞ ነገሩን ያባብሰዋል። ባክአፕ ወስዳችሁ፣ ዳታቤዙን የሚጠቀመውን ፕሮግራም አቁማችሁ፣ ኮለሙን መጀመሪያ ወደ ቫርባይነሪ (ጥሬ ባይት)፣ ቀጥሎ ወደ ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 ቫርቻር (ጽሑፍ) ቀይሩት። ቫርባይነሪ ኢንኮዲንግ ስለማያውቅ ባይቱን አይነካም። የኮለሙ ዓይነት ቴክስት ከሆነ በቫርባይነሪ ፈንታ በብሎብ በኩል አሳልፉት። ኖት ነልና ዲፎልት ካለው በትእዛዙ ውስጥ ድገሙት፤ አለዚያ ይጠፋል።

ሁለተኛው ለውጥ «ኢንኮሬክት ስትሪንግ ቫልዩ» ብሎ እምቢ ካለ ጠባብ ኮለም ፈልጉ። ላቲን1 ቫርቻር 20 የሚይዘው 20 ባይት ነው፤ የማርቆስ «ስ» ከሦስት ባይቷ አንዱ ብቻ ቀርቶላታል። እነዚህን በእጅ ከማረም ሌላ መንገድ የለም።

በማይኤስኪውኤል 5.6 ኢንዴክስ ያለው ቫርቻር 255፣ ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 ለአንድ ካራክተር እስከ 4 ባይት ስለሚቆጥር፣ ከኢንዴክሱ የ767 ባይት ጣሪያ ያልፋል፤ ኢንዴክሱን ወደ 191 ካራክተር አሳጥሩት።

ለውጡ ቴብሉን ስለሚገለብጥ የቴብሉን ያህል ባዶ ዲስክ ያስፈልጋል። መብራት ሊሄድ በሚችልበት ቦታ ደግሞ ሰርቨሩ ላይ «ስክሪን» የሚባለውን መሣሪያ (ግንኙነት ቢቋረጥም ሥራውን የሚያቆይ) ከፍታችሁ ከዚያ ውስጥ አስጀምሩት፤ የእናንተ ላፕቶፕ ቢጠፋም ሥራው ይቀጥላል።

ፕሮግራሙን ከመመለሳችሁ በፊት ኮኔክሽኑን «ሴት ኔምስ ዩቲኤፍ8ኤምቢ4» በሉት። ከረሳችሁት የድሮው ሬኮርድ በጥያቄ ምልክት ይወጣል፤ አዲስ የሚገባው ደግሞ በዚያው ፕሮግራም ደህና መስሎ እየታየ ሁለት ጊዜ ኢንኮድ ሆኖ ይቀመጣል። «ኃይሉ»ን ስትፈልጉ «ሀይሉ» ካልመጣ ግን የዚህ ጉዳይ አይደለም፤ ለኮሌሽኑ (ፊደሎችን ለሚያወዳድረው ደንብ) ሁለቱ የተለያዩ ፊደሎች ናቸው።