«ላይ ላዩን ነው አሉን»

ገና ሬዲዮሎጂ እየተማርኩ ሳለ ነው። አንዲት አራስ ከእናቷ ጋር ወደ አልትራሳውንድ ክፍላችን መጣች። ከወለደች 12ኛ ቀኗ ነው። ግራ እግሯ ከጭኗ ጀምሮ እስከ ቁርጭምጭሚቷ አብጧል። እናትየዋ «ብርድ መቷት ነው፤ ቅቤ እየቀባሁ ሳሻት ነበር» አሉኝ። ፌስታላቸው ውስጥ ቅቤው እስካሁን አለ። እግሯ ከማብረቅረቁ የተነሣ ጄልም የሚያስፈልገኝ አልመሰለኝም ነበር።

ፕሮቡን፣ ማለትም በእጅ የሚያዘውን የአልትራሳውንዱን መመርመሪያ፣ ብሽሽቷ ላይ አሳረፍኩ። ሁለት ጥቋቁር ክቦች ጎን ለጎን ታዩ፤ ደም ቅዳና ደም መላሽ። ብልሃቱ ቀላል ነው። በፕሮቡ ጫን ሲሉት ጤነኛ ደም መላሽ እንደ ባዶ ኪስ ልጥፍ ይላል። ደም ቅዳው ግን ክብነቱን እንደያዘ ይመታል። ብሽሽቷ ላይ ያለው ልጥፍ አለ። ወደ ጭኗ መሐል ወረድ ስል ግን ብጫነውም አልገጥም አለ። ውስጡ ግራጫ ነገር ሞልቶታል። የደምን ፍሰት በቀለም የሚያሳየውን ከለር ዶፕለር ስከፍት ደም ቅዳው በቀለም ተሞላ፣ እሱ ባዶውን ቀረ። የረጋ ደም ነው።

ሪፖርቱ ላይ «ግራ ሱፐርፊሻል ፊሞራል ቬይን» ብዬ ጻፍኩና የላካቸው ሐኪም ዘንድ መለስኳቸው።

ለምሳ ስወርድ ፋርማሲው በር ላይ አገኘኋቸው። እናትየዋ የዲክሎፌናክ ቅባት ይዘዋል።

«እግዜር ይስጥልን ዶክተር። ላይ ላዩን ነው አሉን። በዚህ እሿት ተባልን።»

ምሳው እዚያው ቀረ። «እማማ፣ በፈጠረዎት እንዳያሿት!» ብዬ ልጅቱን በዊልቸር ይዤ ተመለስኩ።

ሐኪሙ ወረቀቴን ዘረጋልኝ። «ሱፐርፊሻል ብለህ ጽፈህ የለ እንዴ?»

ጽፌያለሁ። ጉዱ እዚህ ላይ ነው። ያ ደም መላሽ በስሙ «ላይኛው» ይባል እንጂ ከጡንቻ ሥር የሚሄድ ጥልቅ ደም መላሽ ነው። እዚያ የረጋ ደም ከተላቀቀ በልብ አልፎ ሳንባ ውስጥ ይሰነቀራል። ስሙ ሰው ስለሚያሳስት እ.ኤ.አ. በ2001 ሮም የተሰበሰቡ ባለሙያዎች «ፊሞራል ቬይን» ብቻ ይባል ብለው ተስማምተው ነበር። እኔ ግን ከታላላቆቼ አፍ የለመድኩትን ጻፍኩ። ሐኪሙን ምን ብዬ ልውቀሰው? ያነበበው የጻፍኩትን ነው።

የደም መርጋትን የሚከላከለው መድኃኒት፣ ሄፓሪን፣ ወዲያው ተጀመረላት። ጡት ማጥባቷንም ቀጠለች። ሪፖርቱን አስተካክዬ ከሥሩ «ጥልቅ ደም መላሽ ነው» የሚል መስመር ጨመርኩ። ዛሬም እንዲህ ያለ ነገር ሳገኝ ወረቀቱን ብቻ አልልክም፤ ስልክ እደውላለሁ።

እናትየዋ ቅባቱን ለፋርማሲው መለሱ። ቅቤውን ግን እንደያዙ አልጋው አጠገብ ቆመዋል።

«ለአናቷስ ቢሆን፣ ልጄ?»

«ለአናቷ ይቀቧት፣ እማማ።»