ቮልሴ በኮሮና ወራት፦ እስካሁን የተማርኩት

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በአገራችን መገኘቱ ከተነገረና እኔም እንደ ብዙ ሰው ሥራዬን ቤት ውስጥ መሥራት ከጀመርኩ በኋላ፣ ካዛንቺስ ግቢያችን ውስጥ የምትቆመው ቮልስዋገን መኪናዬ (ቮልሴ) የዕለት ሥራ አልነበራትም። መኪናዋ እ.ኤ.አ. የ1966 ሞዴል ስትሆን ባለ 1300 ሲሲ ሞተርና እስከ ዛሬም በ6 ቮልት የምትሠራ ናት። ይህን ያህል ዕድሜ ላለው መኪና ዕረፍት ይበጀዋል የሚለውን የተለመደ አስተያየት ለመፈተን ከዚያ የተሻለ ጊዜ አልነበረም፤ ወራቱ ያሳዩኝም ተቃራኒውን ነው። አሮጌ መኪናን ከመነዳት ይልቅ መቆም ይጎዳዋል፣ ጉዳቱም የሚጀምረው ባለቤቱ ከሚገምተው እጅግ ቀድሞ ነው።

መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላ ታክሲና አውቶቡስ በግማሽ ሰው በእጥፍ ዋጋ እንዲጭኑ ሲደረግ፣ የግል መኪኖችም በሰሌዳቸው የመጨረሻ ቁጥር ጎዶሎና ሙሉ ተብለው በፈረቃ እንዲወጡ ተወስኖ ነበር። ብዙዎች በዚህ ሲማረሩ እኔ ግን ሥራዬን ያስተካከለልኝ ይኸው ፈረቃ ነው። ተራዬ ባልሆነበት ቀን አንድ ነገር ብቻ እነካ ነበር፣ በማግስቱም አውጥቼ ለውጡን አይ ነበር። ሁለት ነገር በአንድ ቀን ያልነካ ሰው የትኛው ጥገና ምን እንዳመጣ በእርግጠኝነት ያውቃል።

የመጀመሪያው ችግር ጠዋት ሞተር አለመነሳት ሲሆን፣ ምክንያቱ አንድ ሳይሆን እርስ በርሱ የተያያዘ ነው። መኪናዋ ከቆመች በካርቡራቶሩ (ቤንዚንና አየር በሚያቀላቅለው ዕቃ) ውስጥ ያለው ቤንዚን ይተናል፤ የቤንዚን ፓምፗ በሞተሩ ዙር የምትሠራ ስለሆነች ከፊት ካለው ታንከር ቤንዚን እስክትስብ ድረስ ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሳው የኤሌክትሪክ ሞተር) ረጅም ጊዜ ማዞር አለበት፤ ይህን ሁሉ የሚሸከመው ደግሞ በመቆም ብዛት የደከመ ባትሪ ነው። በ6 ቮልት መኪና ላይ ነገሩ የሚብሰው ለተመሳሳይ ኃይል በ12 ቮልት ከሚያስፈልገው እጥፍ ከረንት ስለሚፈስ ነው። በአንድ የገመድ ማሰሪያ ላይ ያለ ዝገት ከባትሪው ቮልቴጅ የሚበላው ድርሻ በመቶኛ ሲሰላ ከ12 ቮልቱ አራት እጥፍ ነው። ስለዚህ አዲስ ባትሪ ፍለጋ ከመሄዴ በፊት ከኋላ መቀመጫ ሥር ያሉትን የባትሪ ራሶች፣ እንዲሁም ካምቢዮውን (የማርሽ ሳጥኑን) ከቦዲው ጋር የሚያገናኘውን የኔጌቲቭ ገመድ ፈትቼ ብረቱ እስኪያበራ በብርጭቆ ወረቀት ጠረግኩና ቫዝሊን ቀባሁት። ሞተሪኖው በማግስቱ ሌላ ዕቃ መሰለ። ወደ 12 ቮልት እንድለውጣት የሚመክሩኝ አሉ፤ ምክራቸው ስህተት ባይሆንም ንጹሕ ማሰሪያ ያላት ባለ 6 ቮልት መኪና ልትወቀስ አይገባም እላለሁ። ይልቅ የባትሪው መክደኛ በቦታው መኖሩን አረጋግጡ፤ የመቀመጫው ሞላ ብረት የባትሪውን ራስ ሲነካ እሳት እንደሚያስነሳ ብዙ ሰው ይዘነጋል።

እሳት ካነሳሁ የቤንዚን ጎማውን (ቤንዚን የሚያልፍበትን ቱቦ) ነገር ማለፍ አልችልም። የቮልስ የሞተር አካል የተሠራው ማግኒዥየም ካለበት ቅይጥ ስለሆነ አንዴ ከተያያዘ ለማጥፋት እጅግ ያስቸግራል። በጨርቅ የተሸፈነው ጎማ ከውጭ ደህና እየመሰለ ከውስጥ ይሰነጠቃል፤ ጎንበስ ሲያደርጉት ስንጥቅ ካሳየ ጊዜው አልፏል። ሶማሌ ተራ የመለዋወጫ ሱቆቹ በከፊል ሲሠሩ ማስክ አድርጌ ሄጄ በሜትር ገዛሁና ከታንከር እስከ ካርቡራቶር ያለውን በሙሉ ቀየርኩ። ከጠቅላላው ሥራ ትንሹ ወጪ ይህ ነበር።

ሜካኒኬ በዕድሜ የገፉ ሰው በመሆናቸው በዚያ ወቅት ቤታቸው መሄድን አልደፈርኩም፤ ስልኬን ከሞተሩ አጠገብ አስጠግቼ ድምፁን አሰማቸው ነበር። «ጋሼ፣ ይህ ቅጭልጭል ምንድን ነው?» ስላቸው፣ «ቫልቭ ነው፤ ግን ቀዝቅዛ ሳታድር እንዳትነካት» አሉኝ። የቫልቮቹ (አየርና ጭስ የሚያስገቡና የሚያስወጡ የሞተር በሮች) ክፍተት የሚለካው ሞተሩ ፍጹም ሲቀዘቅዝ ስለሆነ በማግስቱ ጠዋት እያንዳንዱን ቫልቭ በ0.10 ሚሊ ሜትር አስተካከልኩ። በተለይ ሦስተኛው ሲሊንደር የዘይት ማቀዝቀዣው ነፋሱን ስለሚጋርድበት ከሌሎቹ ይበልጥ ይሞቃልና የእርሱን ደግሜ አየሁ። ዘይቷ ሁለት ሊትር ተኩል ብቻ ነው፣ ከወንፊት በቀር ፊልትሮም የላትም፤ ስለዚህ ኪሎ ሜትሩ ባይሞላም በወራት ቆጥሬ እቀይራለሁ።

ካንዴላዎቹን (ቤንዚኑን የሚያቀጣጥሉትን) ሳወጣ ጥላሸት ለብሰው አገኘኋቸው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች በመሆኗ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ ለቆላ የተለካ ካርቡራቶር እዚህ ቤንዚን ያበዛል። ዋናውን የቤንዚን ማሳለፊያ በአንድ ደረጃ ባነሰ ስቀይረው የካንዴላው ቀለም ወደ ፈዛዛ ቡናማ ተመለሰ፣ ፍጆታዋም ቀነሰ። የጎደለው አየር ግን አይመለስም፤ ፋብሪካው የሰጣት 40 የፈረስ ጉልበት እዚህ ከሠላሳ ብዙም የሚርቅ አይመስለኝም፣ የቸርችልን ዳገት ከለገሃር ወደ ፒያሳ በሁለተኛ ማርሽ የምወጣውም ለዚህ ነው።

ደስታውን በተመለከተ፣ በእነዚያ ሳምንታት መንገዱ ጭር ስላለ ከካዛንቺስ ተነስቼ በአራት ኪሎ አድርጌ ፒያሳ ደርሼ ስመለስ ሞተሯ በቅጡ ሞቆ፣ ዲናሞው ባትሪውን ሞልቶ እመጣ ነበር። ግቢ ውስጥ አስነስቶ በሚኒሞ (ሳይነዱ በዝቅተኛ ዙር) ማቆየት ይህን አይተካም፤ በዝቅተኛ ዙር ዲናሞው በቂ አይሞላም፣ በማርሚታው (በጭስ ማውጫው) ውስጥ የሚጠራቀመው ውኃም ሳይተን ይቀራል። አንዳንዴ በኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት በኩል ሳልፍ ንጉሠ ነገሥቱ አፄ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋን ወርደው ከዚያ የወጡት በቮልስ እንደነበር ትዝ ይለኛል፤ ለእኔ መዝናኛ የሆነች መኪና ለሌላ ትውልድ ምን ማለት እንደነበረች የሚያስታውስ ሌላ ሐውልት አያስፈልግም።

በረኪና ክሮሙንና ብረቱን ስለሚበላ፣ አልኮልም ቀለሙን ስለሚጎዳ መሪውንና መያዣዎቹን በሳሙና ውኃ በራሰ ጨርቅ ብቻ አጸዳለሁ፤ ሳኒታይዘሩን ለእጄ አስቀርቻለሁ።

ክረምቱ ካለፈ በኋላ የቀረኝ ፍሬኑ ነው። የፍሬን ዘይት ከአየሩ እርጥበት ስለሚስብ የቆመች መኪና የፍሬን ሲሊንደሮች ከውስጥ ዝገት ይይዛቸዋል፤ የእኔም ስትቆም ወደ ግራ መሳብ ጀምራለች። የዚህች ሞዴል ፍሬን አንድ መስመር ብቻ ስለሆነ አንዱ ጎማ ላይ ዘይት ካፈሰሰ አራቱም ይከዳሉ፤ በዚህ ላይ ትዕግሥት የለኝም። አሁን ከበሮዎቹን አውርጄ የአራቱንም ሲሊንደሮች ጎማ እየቀየርኩ ነው፣ ዘይቱንም ሙሉ በሙሉ አፍስሼ በአዲስ እተካለሁ። ይህ እስኪያልቅ መኪናዋ መቆሟ ግድ በመሆኑ የባትሪውን ገመድ ፈትቼ በ6 ቮልት ቻርጀር በየሳምንቱ እሞላዋለሁ፣ ሞተሩንም ሳላስነሳ በእጅ ቺንጋውን ይዤ ጥቂት ዙር አዞረዋለሁ።