«ትንሽ» ስንት ኪሎ ነው?

ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። ይህ የደረሰው ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ነው፤ እስከዛሬ ከውስጤ አልወጣም።

ጋሼ እህል በረንዳ ኩንታል ሲያወርዱ የኖሩ ሰው ናቸው። መኪና ገጭቷቸው ቅልጥማቸው ተሰበረ። ቀዶ ሕክምና ተደርጎ ፕሌት፣ ማለትም አጥንቱን የሚይዝ ጠፍጣፋ ብረት፣ ገባላቸው፤ በብሎን ታሰረ። 6 ሳምንት እግራቸውን መሬት ሳያስነኩ በሁለት ክራንች ቆዩ። ከዚያ ሐኪማቸው ራጁን አይቶ ወደ እኔ ላካቸው። ወረቀቱ ላይ «በከፊል ይርገጡ፣ እስከ 20 ኪሎ» ይላል።

ክራንቹን በቁመታቸው ልክ አስተካከልኩ። በብብታቸው ሳይሆን በእጃቸው እንዲደገፉ አሳየኋቸው፤ ብብት ሲጫን ነርቭ ይጎዳል። ደረጃ ሲወጡ ደህናው እግር ይቀድማል፣ ሲወርዱ የታመመው። ይህንንም ተለማመድን። በመጨረሻ «ጋሼ፣ እንግዲህ ትንሽ ትንሽ ይርገጡ» አልኳቸው። «እሺ ልጄ፣ ተባረኪ» ብለው ሄዱ።

በሦስተኛው ሳምንት ተመለሱ። ቅልጥማቸው አብጧል። ራጅ ተነሱ፤ ሁለት ብሎን ተሰብሯል።

«ጋሼ፣ ምን ያህል ነበር የሚረግጡት?»

«ትንሽ ነው እኮ። እንዳልሽኝ።»

አልዋሹኝም። ከፍ ካለው አልጋ ጫፍ ላይ አስቀመጥኳቸውና ደህናውን እግራቸውን ሚዛን ላይ አደረግኩት። «እስኪ ያንን ትንሽ በዚህኛው ያሳዩኝ» አልኳቸው። ወደፊት ዘንበል ብለው ተጫኑ። ቀስቷ 20ን አልፋ፣ 30ን አልፋ፣ 45 ላይ ቆመች። ፊታቸውን አየሁ፤ ምንም የጨነቃቸው ነገር የለም። 100 ኪሎ በጀርባው ሲሸከም ለኖረ ሰው 45 ኪሎ ትንሽ ነው። ቁጥሩ ወረቀቱ ላይ ተጽፎልኝ ሳለ ወደ ቃል የቀየርኩት እኔ ነኝ።

ሌላም ነገር ነገሩኝ። አጠገባቸው ተኝቶ የነበረው ወጣት በሁለተኛው ቀን ቆሞ ሲራመድ አይተዋል። «እሱ ከረገጠ እኔ ምን ሆኜ?» ብለው ነበር። የልጁ ስብራት ግን ታፋው መሃል ነው፤ አጥንቱ ውስጥ ዘንግ ገብቶለታል። ዘንግ መሃል ለመሃል ስለሚያልፍ ሸክሙን ከአጥንቱ ጋር ይካፈላል። የጋሼ ፕሌት ከጎን የተለጠፈ ነው። አጥንቱ እስኪይዝ ድረስ አብዛኛውን ሸክም ብረቱ ይሸከማል፤ በየእርምጃው ትንሽ ይተጣጠፋል፣ ሽቦ ወዲያ ወዲህ ሲያጥፉት እንደሚበጠሰው።

ደግሞ ማስፈራራትም መፍትሔ አይደለም። ዘንግ ገብቶላቸው፣ እንዲረግጡ ተፈቅዶላቸው፣ ፈርተው ሦስት ወር ሙሉ እግራቸውን ያንጠለጠሉ እናት አይቻለሁ። ታፋቸው ሟሽሾ፣ ጉልበታቸው አልታጠፍ ብሎ ነበር። አጥንት በልኩ ሲጫኑት ይጠነክራል፤ ሥራ ሲፈታ ይሳሳል።

ጋሼ ድጋሚ ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው። የመርገጫው ጊዜ ሲደርስ ሚዛኑን መሬት ላይ አስቀመጥኩ። በደህናው እግራቸው ሥር ከሚዛኑ እኩል ከፍታ ያለው ጣውላ አደረግኩ። ልጃቸውን ጠርቼ ቀስቷን እንድታነብ አደረግኩ። «አሥራ ሁለት… አሥራ ስድስት… አባዬ፣ ሃያ! በቃ!» ጋሼ ቆም አሉ። ዓይናቸውን ጨፍነው እግራቸውን አዳመጡ።

«ይቺን ነው?» አሉኝ።

«አዎ ጋሼ፣ ይቺን ነው።»

ሃያ ጊዜ ያህል ደጋገምነው፤ መጨረሻ ላይ ሚዛኑን ሳያዩ 20 ላይ ማቆም ቻሉ። ሲወጡ ልጅቷ የሚዛኑን ዋጋ ጠየቀችኝ።