ከሐረጎ ቁልቁለት እስከ ቦሌ በር

በ2010 ዓ.ም. አባቴ ለዑምራ ሲነሱ፣ ከደሴ እስከ ቦሌ አድርሶ የመመለሱ ድርሻ የእኔ ሆነ። የሚገርመው፣ ሊሰናበታቸው የመጣው ጎረቤት ሁሉ ከመካ ይልቅ አብዝቶ ያወራው ስለ አየር ማረፊያው ነበር። ቦሌ በዚያ ወቅት በአንድ ወገን መንገደኛ እያስተናገደ በሌላው ወገን የሚገነባ ስለነበር፣ ከዐረብ አገር የተመለሰች ልጅ ያለችበት ቤት ሁሉ ስለ ቆርቆሮው አጥርና ስለ ተዛወረው በር የየራሱ ወሬ ነበረው። እኔም ወሬውን ሁሉ ሰብስቤ፣ ከሦስት ዓመት በፊት በዚያው ካለፍኩበት ትዝታ ጋር አዳብዬ፣ የላቲን ፊደል ለማያነቡት አባቴ መንገዱን ከበር እስከ አውሮፕላን በቅደም ተከተል የሚያሳይ አንድ ወረቀት በትልልቅ ፊደል ጻፍኩላቸው።

ወረቀቱ ላይ ከሁሉ በላይ የተጨነቅኩበት ሰዓቱ ነው። ቲኬቱ የሚለው «ረቡዕ 01፡15» ነበር፤ ይህ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 7፡15 መሆኑን ማንም ቀንሶ ይደርስበታል፣ አደጋው ያለው ቀኑ ላይ ነው። ሰዓቱ ለረቡዕ አጥቢያ፣ ማለትም ማክሰኞ ካመሸ በኋላ ያለው ሌሊት እንጂ ረቡዕ ውሎ የሚመሸው ሌሊት አይደለም፤ ይህን ያልለየ መንገደኛ ሻንጣውን ይዞ የሚደርሰው አውሮፕላኑ ከሄደ ከአንድ ቀን በኋላ ነው። ለአባቴ ይህን ለማስረዳት ብዙ ከተዘጋጀሁ በኋላ፣ እርሳቸው ግን ሳልጨርስ አቋረጡኝ። «እኛ ዘንድ ጀንበር ጠልቃ መግሪብ ሲገባ ቀኑ ተለውጧል፤ ሌሊቱ ከቀኑ ይቀድማል። ምኑ ነው ያስቸገረህ?» አሉኝ። ለካ እንቆቅልሹ ለእኔ ብቻ ኖሯል።

ከደሴ አዲስ አበባ በመኪና 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ጣርማበርን ወጥቶ ደብረ ብርሃንን አልፎ ቀኑን ሙሉ ይወስዳል። ከኮምቦልቻ በአውሮፕላን ግን አንድ ሰዓት አይሞላም። ሌሊት ለሚነሳ ሽማግሌ የትኛው እንደሚሻል ግልጽ ነው፤ ቢሆንም የአገር ውስጡን በረራ ከዓለም አቀፉ ጋር አጣብቆ መያዝ አይገባም ባይ ነኝ፣ በተለይ ጉሙ ሐረጎን፣ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደውን ቁልቁለት፣ በሚሸፍንበት ወራት። እኛም የጠዋቱን ይዘን ሙሉ ውሎ ተረፈን። ደሴ በጋቢ ተጠቅልለን የተነሳን ሰዎች ሐረጎን ወርደን ኮምቦልቻ ስንደርስ ጋቢውን አጥፈን በክንዳችን ያዝነው። የኮምቦልቻው አየር ማረፊያ ሰው የሚጠፋበት ዓይነት አይደለም፤ ከአዳራሹ ወጥቶ ባለ ፕሮፔለሩ አውሮፕላን ደረጃ ድረስ በእግር ይኬዳል። ስለዚህ ብዙ አልልም።

አዲስ አበባ እንደገባን በቀጥታ ወደ ዘመድ ቤት ወሰድኳቸው። ወንድ የዑምራ ተጓዥ ኢሕራም የሚያስርበት፣ ማለትም ወደ ዑምራው ሥርዓት የሚገባበት ወሰን፣ ሚቃት የሚባለው፣ ከእኛ አገር ወደ ጂዳ ለሚበር ሰው በአየር ላይ የሚታለፍ ስለሆነ፣ ገላ መታጠቡና ያልተሰፋውን ሁለት ነጭ ጨርቅ መልበሱ አስቀድሞ ማለቅ አለበት፤ አውሮፕላን ላይ የሚቀረው ኒያው፣ በልብ የሚያዘው ሐሳብ፣ ነው። ብዙዎች ይህን አየር ማረፊያ ደርሰው ያደርጉታል። እኔ ግን ግንባታ ባለበት ሕንፃ ውስጥ የትኛው መታጠቢያ ዛሬ ክፍት እንደሆነ በማይታወቅበት ሁኔታ፣ ታጥቦና ለብሶ ከቤት መውጣትን እመርጣለሁ። እናቴ ለጂዳ ዘመዶች የላከችው ማርና ቅቤም ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ፈሳሽ በእጅ ሻንጣ ስለማያልፍ፣ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ፣ በፎጣ ታሽጎ ወደሚጫነው ሻንጣ ገባ። ቅቤ ፈሳሽ ነው አይደለም የሚለው ክርክር ፍተሻ ላይ ቆሞ የሚካሄድ አይደለም።

ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል፣ ሊነሱ አራት ሰዓት ሊሞላ ሩብ ሲቀረው፣ ቦሌ ነበርን። የወረቀቱ አንደኛ መስመር «በግራ በኩል ባለው በር መግባት» ይላል። ሻንጣውን በጋሪ እየገፋሁ፣ ማንንም ሳልጠይቅ፣ በልበ ሙሉነት ወደ ግራ መራኋቸው፤ ደርሼ ያገኘሁት ግን ከላይ እስከ ታች የተገጠገጠ ቆርቆሮ ነው። የሦስት ዓመት ትዝታዬን እንደ ካርታ መያዜ የእኔው ጥፋት ነበር። እኔ ወረቀቱን ስገለብጥ አባቴ ሄልሜት ያደረገ አንድ ወጣት የግንባታ ሠራተኛ ጠሩና ሰላምታ አስቀድመው ጠየቁት። ልጁ «አብሽሩ አባባ» ብሎ ሲጀምር የእኛው የወሎ ልጅ እንደሆነ ገባኝ። ስለ በሩ ከእርሱ የተሻለ የሚያውቅ አልነበረም፤ በሩን የሚያዛውረው እርሱ ነውና። ራሱ ጋሪውን ገፍቶ አደረሰን።

(ያ ማስፋፊያ በጥር 2011 ዓ.ም. ተመርቆ የአየር ማረፊያውን አቅም በዓመት ወደ 22 ሚሊዮን መንገደኛ አድርሶታል፤ ቆርቆሮው ያኔ የሸፈነው ይህን ነበር።)

ሸኚ ከዚያ በር አያልፍም። ከውጭ ሆኜ በመስታወቱ ሳይ፣ የመግቢያው ፍተሻ ላይ ሌላው ሰው ቀበቶና ጫማ ሲፈታ አባቴ በሰንደልና በሁለት ጨርቅ፣ የገንዘብ ቀበቷቸውን ብቻ ፈትተው አለፉ። ቀሪውን በወረቀቱ ላይ አስቀድሜ አስፍሬዋለሁ፦ ሻንጣ አስረክቦ ቦርዲንግ ፓስ መቀበል፣ ኢሚግሬሽን፣ ሁለተኛው ፍተሻ፣ ከዚያም የበሩ ቁጥር ሊለወጥ ስለሚችል ድምፅ ማጉያውን እየሰሙ አብረዋቸው ከሚጓዙት ምዕመናን አለመራቅ፣ ወደ አውሮፕላኑ በአውቶቡስ ቢወሰዱም አለመደንገጥ።

መኪና ማቆሚያው ላይ ቆሜ ስልኬን እያየሁ ጠበቅኩ። ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል ደወሉ።

«ሰዎቹን አገኘኋቸው፤ አሁን ተቀምጠናል» አሉኝ።

«ወረቀቱስ ረዳዎት?»

«ወረቀቱን ለአንዲት ልጅ ሰጥቻታለሁ። ከቃሉ ወረዳ የመጣች ናት፤ መጀመሪያዋ ነው፣ ብቻዋን ነች። አንደኛውን መስመር ሰርዢው ብያታለሁ።»