ሃያ አምስት ወይስ ሠላሳ አምስት?

አራት ኪሎ አካባቢ አንዲት ጠባብ ማተሚያ ቤት ውስጥ እሠራ ነበር። የሠርግ መጥሪያ፣ የሱቅ ባነር፣ የመጣውን ሁሉ እናትማለን። የሚበዛው ግን የሐዘን ሥራ ነው፤ የ40 ቀን መታሰቢያ ካርድ። ከላይ ፎቶ፣ ከሥር ስም፣ ከዚያ አንድ ጥቅስ። መጀመሪያ ሰሞን «የሞተበት ቀን» ብዬ ስጽፍ የቤቱ ባለቤት ጋሼ በእስክሪብቶ ሰረዙት። «‘ያረፈበት’ ነው የሚባለው። ጌታም አልዓዛርን ‘ተኝቶአል’ ነው ያለው» አሉኝ። እኔ የሥራ ደንብ መስሎኝ ያዝኩት።

በዐቢይ ጾም አንድ ትእዛዝ በስልክ መጣ። ወንድማቸው ያረፈባቸው ሴት ናቸው። ፎቶውን በቴሌግራም ላኩ፤ የጥቅሱን ግን ቁጥሩን ብቻ ነገሩኝ፦ ዮሐንስ 11፥25። ብጣሽ ወረቀት ላይ ጫርኩት። የእኔ 2 ደግሞ 3 ትመስላለች። ከሰዓት በኋላ 11፥35ን ከስልኬ ገልብጬ አስገባሁ። «ኢየሱስም እንባውን አፈሰሰ።» ሦስት ቃል ብቻ። እውነቱን ልናገር፣ ደስ ነው ያለኝ፤ አጭር ስለሆነ ፊደሉን አተለቅኩት። ናሙናውን ላኩላቸው። «እሺ» አሉ። ሐዘን ላይ ያለ ሰው ናሙና እንደማያነብ የገባኝ ኋላ ነው። 200 ታተመ፣ ላሚኔት ተደረገ፣ ተቆረጠ።

ሊወስዱ የመጡ ዕለት ከል ለብሰው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ነበር። አንዱን ካርድ አንሥተው አነበቡት። ዝም አሉ። ዝምታው ሲረዝም ብጣሿን ወረቀት ፈልጌ አየኋት። ጉድ ፈላ!

«ይቅርታ እትዬ፣ ቁጥሩን አሳስቼ ነው። ዛሬውኑ በነፃ ደግሜ አትምልዎታለሁ» አልኩ፣ ላብ አጥምቆኝ። ጋሼ ከጓዳ ወጥተው ካርዱን ሲያዩ ፊታቸው ጠቆረ። ኪሣራው ከደሞዜ ሲቆረጥ ታየኝ።

ሴትዮዋ ግን ካርዱን አልመለሱም።

«ለቅሶ የሚደርሰኝ ሁሉ ‘በቃሽ፣ አታልቅሺ፣ ትንሣኤ አለ’ ይለኛል» አሉ። «ትንሣኤ እንዳለማ አውቃለሁ። የአልዓዛር እኅት ማርታስ መች አጣችው? እምነት የጎደለኝ እየመሰለኝ ግን ሌሊት ብርድ ልብስ ተከናንቤ ነው የማለቅሰው።» ካርዱን በጣታቸው ዳሰስ አደረጉት። «ለካ እሱ ራሱ አልቅሷል።»

ጋሼ ወንበር ሳቡላቸው። በልጅነታቸው የቆሎ ተማሪ ነበሩ፤ እንዲህ ያለ ወሬ ከመጣ ሒሳብ ይረሳሉ። «አዎ እኮ» አሉ። «ገና መንገድ ሳይጀምር ‘ላስነሣው እሄዳለሁ’ ብሏል። ትንሽ ቆይቶ ‘ወደ ውጭ ና’ ብሎ እንደሚጠራው ያውቃል። ሃያ አምስት ላይ ‘ትንሣኤና ሕይወት እኔ ነኝ’ ካለ ከአሥር ቁጥር በኋላ ግን አለቀሰ። ጳውሎስም ዝም ብሎ አትዘኑ አላለም፤ ተስፋ እንደሌላቸው አትዘኑ ነው ያለው።»

እኔ ያን ሁሉ ካርድ ሳትም ሁለቱ ጥቅሶች አንድ ምዕራፍ ውስጥ መሆናቸውን እንኳ ልብ ብዬ አላውቅም። ለቅሶ ቤት የምችለውም «አይዞህ፣ አታልቅስ» ማለት ብቻ ነበር። አሁን ዝም ብዬ ከሐዘንተኛው አጠገብ እቀመጣለሁ።

ደግመን እናትምልዎ ብንል እምቢ አሉ። «ሃያ አምስቱን መቃብሩ ድንጋይ ላይ አስጽፈዋለሁ። የሚነሣው ከዚያ ነው። ይሄኛው ቤት ለቀረነው ይሁን።» ቀሪውን ሒሳብ ከፍለው 200ውንም ይዘው ሄዱ። ደሞዜ ተረፈ። ከዚያ ወዲህ ግን ቁጥር ብቻ አልቀበልም፤ «የመጀመሪያውን ቃል ይንገሩኝ» እላለሁ።

ከፋሲካ በኋላ ተመልሰው መጡ፤ ለድንጋይ ጠራቢው የሚሰጠውን ጽሑፍ ሊያስተይቡ። ጋሼ ገና ከበሩ «ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን!» አሏቸው።

«በዐቢይ ኃይል ወሥልጣን።»

«አሠሮ ለሰይጣን!»

«አግዐዞ ለአዳም።»

«ሰላም!»

«እምይእዜሰ» ሊሉ ሲሉ ድምፃቸው ተቆረጠ። እንባቸው ወረደ። ማንም አታልቅሺ አላላቸውም። ጋሼ ቆመው ጠበቁ። በነጠላቸው ጠርገው፣ ቀስ ብለው «ፍሥሐ ወሰላም» እስከሚለው ድረስ ጨረሱት።

እኔ እስክሪብቶዬን አነሣሁ። «ቁጥሩ ስንት ነበር እትዬ?»

«ሃያ አምስት» አሉ። ከዚያ ወደ ወረቀቴ ጎንበስ ብለው አዩና፦

«ሁለትህን አስተካክላት» አሉኝ።