ለቅሶ ሳይነሳ የመጣው የጠመንጃ ኮንቬንሽን፦ የሂዩስተን ጉዞ

ዳላስ አጠገብ ካለችው ከጋርላንድ ሂዩስተን በአይ-45 ሀይዌይ ቁልቁል ቀጥ ነው፣ ወደ 250 ማይል፣ መንገዱ ክፍት ከሆነ አራት ሰዓት አይሞላም፣ ግን የሜሞሪያል ዴይ ዊክኤንድ ስለነበረ ገና ኤኒስ ሳልደርስ መኪናው ተነባብሯል፣ ያኔ ደግሞ ቤንዚን ጋሎኑ ከ4 ዶላር አልፎ ስለነበር አንድ አይኔ መንገዱ ላይ አንድ አይኔ ጌጁ ላይ ነው የሄድኩት። አርብ ሜይ 27፣ 2022። የምሄደው ደብረ ማርቆስ አብረን ያደግን ጓደኛዬ እሁድ ልጁን ክርስትና ስለሚያስነሳ ነው። እግረ መንገዳችንን ደግሞ ቅዳሜ የኤንአርኤን፣ ማለትም የአሜሪካ ብሔራዊ የጠመንጃ ማህበርን ኮንቬንሽን እናያለን ብለን ከፋሲካ ጀምሮ ተነጋግረናል፣ እሱ አባል ስለሆነ መግቢያ አይከፍልም፣ እኔም የጠመንጃ ነገር እወዳለሁ አልዋሽም።

ከዛ በመሀል ማክሰኞ ዩቫልዲ ሆነ። እዛው ቴክሳስ ውስጥ፣ አንድ የ18 ዓመት ልጅ "ሮብ" የሚባል አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገብቶ 19 ልጆችና 2 መምህራን በጥይት ገደለ። መንገድ ላይ ሬዲዮው ሌላ ወሬ የለውም። የቴክሳስ ፖሊስ አለቃ በዛው አርብ ወጥቶ፣ ተኳሹ ክፍል ውስጥ እያለ 19 ፖሊስ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ እንደነበረና በሩን ሳይከፍቱ መጠበቃቸው የተሳሳተ ውሳኔ እንደነበረ ሲናገር ማዲሰንቪል ባኪስ ገብቼ ቤንዚን እየቀዳሁ ነው። አጠገቤ ያለው ሰውዬ ወገቡ ላይ ሽጉጥ አንጠልጥሎ የበረዶ ከረጢት ይጭናል። ከሴፕቴምበር 2021 ጀምሮ ቴክሳስ ውስጥ 21 ዓመት የሞላውና ሕጉ የማይከለክለው ሰው ያለ ፈቃድ ሽጉጥ መያዝ ይችላል፣ ስለዚህ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። እኔ ግን ያን ቀን አየሁት። ሰውዬው ምንም አላደረገም፣ ሬዲዮው ነው።

ሀንትስቪል ላይ 67 ጫማ የሆነው የሳም ሂዩስተን ነጭ ሀውልት ከዛፎቹ በላይ ብቅ ሲል ደረስኩ ማለት ነው።

ጓደኛዬ ደቡብ ምዕራብ ሂዩስተን ስቶር አለው። ሽጉጥ የገዛው ካሸሩ ላይ እያለ ከተዘረፈ በኋላ ነው፣ በግሪን ካርድ ነው የገዛው፣ 4473 የሚባለውን ፎርም ሞልቶ፣ ባክግራውንድ ቼኩ አልፎ፣ ኤንአርኤ ውስጥ የገባው ደግሞ የተኩስ ትምህርቱን የሰጠው ሰውዬ አባል ሁን ስላለው ነው እንጂ የፖለቲካ ሰው አይደለም። ማታ ስንገናኝ መጀመሪያ ያለኝ "እንሂድ ወይስ ይቅር?" ነው። ሚስቱ ከኪችን "ይቅር" አለች። ሄድን።

ጆርጅ አር ብራውን ኮንቬንሽን ሴንተር ፊት ለፊት ዲስከቨሪ ግሪን የሚባል ፓርክ አለ፣ ልጆች የሚሯሯጡበት ቆንጆ ቦታ ነው። አርብ ዕለት ተቃዋሚው እዛ ሞልቶ ነበር፣ ያኔ ለቴክሳስ አገረ ገዢነት ይወዳደር የነበረው ዴሞክራቱ ቤቶ ኦሩርክም ንግግር አድርጓል። ቅዳሜ ቀንሷል ግን አለ። ከአጥሩ ወዲያ የልጆቹን ፎቶ ይዘው ቆመዋል፣ ወደ ህንፃው የሚገባ ሰው ሲያዩ "ሼም" እያሉ ይጮሃሉ። ሙቀቱ ከ90 በላይ። ጓደኛዬ ኮፍያውን ዝቅ አድርጎ ሲያልፍ አየሁት፣ አንዷ ሴትዮ እኛን ስታይ ትንሽ ግራ የገባት መሰለኝ፣ ሀበሻ አልጠበቀችም።

ውስጡ ሌላ አለም ነው። ማስታወቂያው 14 ኤከር ነው የሚለው፣ በኛ ከ5 ሄክታር በላይ መሆኑ ነው፣ ጠመንጃ፣ መነፅር፣ ቢላ፣ የአደን ልብስ፣ የሽጉጥ ኪስ ያለው የሴት ቦርሳ፣ ምናምን። የሚታየው መሳሪያ ሁሉ ጥይቱን የሚመታው መርፌ ወጥቶለታል፣ ስለዚህ ሰው ሁሉ እያነሳ ቃታ ይስባል። ከሁሉ ጆሮዬ ላይ የቀረው እሱ ነው። በሺዎች የሚቆጠር ባዶ ቃታ፣ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ካፊያ፣ ከግራ ከቀኝ አያቋርጥም። የድሮ መሳሪያ የሚታይበት ጥግ ላይ አያቴ ግድግዳ ላይ ሰቅለውት የነበረውን ምንሽር የሚመስል ባለ እንጨት ሰደፍ አግኝቼ እዛ ቆየሁ፣ ሰደፉ በእጅ ብዛት የጠቆረ፣ ስትይዘው ክብደቱ ግራ እጅህ ላይ የሚያርፍ። ከጎኔ አንድ አባት ለልጁ ጠመንጃ አሲዞ ጣቱን ከቃታው ላይ እያነሳ "ኢላማህን ሳታይ ጣትህ እዚህ አይገባም" ይለዋል። ልጁ አስር ዓመት ቢሆነው ነው። ጓደኛዬም አይቷል፣ "ና እንሂድ" አለኝ።

የዩቫልዲው ልጅ የተጠቀመበትን ጠመንጃ የሰራው ዳንኤል ዲፌንስ ራሱ ቀርቷል። ዘፋኞቹም አንድ ባንድ ቀርተው የቅዳሜ ማታው ኮንሰርት ተሰርዟል። የቴክሳስ አገረ ገዢው ግሬግ አቦት በአካል አልመጣም፣ ቪዲዮ ልኮ ዩቫልዲ ሄደ። ትራምፕ መጥቷል፣ አርብ የሟቾቹን ስም አንብቦ ለያንዳንዱ ደወል ተደውሏል። እሱ የተናገረበት አዳራሽ ደግሞ ሽጉጥ ይዞ መግባት ክልክል ነበር፣ የፕሬዝዳንቶች ጠባቂው ሲክሬት ሰርቪስ ነው የከለከለው።

ያገለገለ ቀለሃ ራሳቸው እንደገና ሞልተው የሚጠቀሙ ሰዎች የሚሰለፉበት ወረፋ ላይ ካገኘነው አንድ ሽማግሌ ቴክሳሳዊ ጋር ትንሽ አወራን። ሙሉ ህይወቱን አዳኝ ነው። አርብ ንግግሩን ሆን ብሎ ቀርቷል። ያን ሰሞን የጥይት ማቀጣጠያ ካፕሱል ከገበያ ጠፍቶ ስለነበር ዋጋ ልጠይቅ ብቻ ነው የመጣሁት አለን፣ ሚስቱ ግን ሆቴል ቀርታለች፣ ያንን በር አላልፍም ብላ። እሷም ባለ ጠመንጃ ናት። "ሁለታችንም ልክ ነን" አለ፣ እኔ ግን ሁለቱም ልክ ሊሆኑ አይችሉም ብዬ አሰብኩ።

ዋናው ክርክር ማታ ነው። ውጪ ካለው ጩኸት ይልቅ ጓደኛዬ ጋራዥ ውስጥ ለክርስትናው ስጋ እየዘለዘልን የተነሳው ነው የከረረው፣ ምክንያቱም እዛ የነበርነው ሁሉ ባለ ሽጉጥ ነን፣ ጠመንጃ ይከልከል የሚል አንድ ሰው የለም። አንደኛው ጋሼ ናቸው፣ ድሮ የደርግ ወታደር፣ አሁን ትራክ ይነዳሉ፣ የኤንአርኤ አባል። አንዷ ነርስ ናት፣ የጓደኛዬ ሚስት እህት።

"እኔ ሽጉጤን የሚነካብኝ የለም፣ ከሌሊት ሺፍት ስወጣ ፓርኪንግ ሎቱ ምን እንደሚመስል እኔ ነኝ የማውቀው" አለች ነርሷ። "ግን ሬሳው ሳይቀበር ገበያ ይዘረጋል? አገር ቤት ጎረቤት ለቅሶ ካለ ሰርግ ይደገሳል እንዴ? ቢያንስ ከበሮው ይቀራል እኮ ጋሼ።"

ጋሼ ቢላዋቸውን አስቀመጡ። "ልጄ፣ ሰርጉን ያስቀረ ሰው ሟቹን እኔ ነኝ የገደልኩት አላለም። እነዚህ ቢያስቀሩ ግን አዎ ገዳዮቹ እኛ ነን እንዳሉ ነው የሚቆጠረው። ከንቲባውም ብሏል፣ ውል አለ፣ ከተማው አልችልም ነው ያለው።"

እውነት ነው፣ የያኔው የሂዩስተን ከንቲባ ሲልቬስተር ተርነር ውሉን ብናፈርስ እንከሰሳለን ብሎ ነበር። እኔ ዴንቨርን አነሳሁ። 1999 ኮሎምባይን ትምህርት ቤት ውስጥ ተማሪዎች በጥይት ሲገደሉ የኤንአርኤ ኮንቬንሽን ዴንቨር ሊሆን ቀናት ነበር የቀሩት፣ ከንቲባው ዌሊንግተን ዌብ አትምጡብን አላቸው፣ እነሱም ሙሉ በሙሉ ባይቀሩም የመሳሪያ ኤግዚቢሽኑን ሰርዘው የአባላቱን ስብሰባ ብቻ አደረጉ። ስለዚህ ሲፈልጉ ይችላሉ። ማንም ያኔ ጥፋተኛነታቸውን አመኑ አላለም።

"ኮሎምባይን እኮ ዴንቨር አፍንጫ ስር ነው፣ ዩቫልዲ ከዚህ ከአራት ሰዓት በላይ ነው" አሉ ጋሼ።

"ሀዘን በማይል ነው የሚለካው?" አለች ነርሷ፣ ሁላችንም ሳቅን፣ እሳቸውም።

ከዛ ኮሪደሩ ላይ ስለቆሙት ፖሊሶች መጣ። የኤንአርኤው አለቃ ዌይን ላፒየር ከሳንዲ ሁክ ትምህርት ቤት ግድያ በኋላ መሳሪያ የያዘን ክፉ ሰው የሚያስቆመው መሳሪያ የያዘ ደግ ሰው ነው ብሎ ነበር፣ ጓደኛዬ "ይኸው 19 ደግ ሰው በሩ ላይ ቆመ" አለ። ጋሼ ቆየት ብለው "ያ የመሳሪያ ጉዳይ አይደለም፣ የአዛዥ ጉዳይ ነው" አሉ። ከወታደር አፍ ሲወጣ ከባድ ነው፣ የመለሰላቸው የለም።

ያልጠበቅኩት ግን ቀጥሎ የመጣው ነው። ጓደኛዬ ስለ ስቶሩ ጀመረ። "እኔ ለ18 ዓመት ልጅ አንድ ጣሳ ቢራ ብሸጥ ላይሰንሴ አደጋ ላይ ነው፣ ሲጋራም 21 ነው። ያ ልጅ ግን 18 እንደሞላው ሁለት ጠመንጃ ገዛ፣ በህጋዊ መንገድ።" ጋሼ ይቃወማሉ ብዬ ስጠብቅ "21 ይሁን፣ እኔም እላለሁ። 18 ዓመት ሆኖኝ ክላሽ ሲሰጠኝ ከኋላዬ አስር አለቃ ነበር" አሉ። ነርሷ ወዲያው "ታዲያ ማህበርዎ ፍሎሪዳ 21 ስታደርገው 2018 ላይ ከሷት የለም እንዴ?" አለቻቸው። ከሰዋል፣ እውነቷን ነው። ጋሼ "እኔ የገባሁት ተኩስ ስለሚያስተምሩ ነው፣ በ1871 ሲመሰረትም ለዛ ነበር" ብለው ወደ ስጋቸው ተመለሱ፣ እሷም አልለቀቀቻቸውም፣ እስከ እኩለ ሌሊት።

የኔ ሀሳብ እንደ ነርሷ ነው። መሳሪያ መያዝና የማህበሩ ገበያ አንድ ነገር አይደሉም፣ ገበያው ሳምንት ቢዘገይ የማንም ሽጉጥ ከወገቡ አይወርድም ነበር። ግን ደግሞ ገብቼ አይቻለሁ፣ ደስም ብሎኛል፣ ያም አለ።

ክርስትናው ደመቀ፣ ልጁ ጥምቀቱ ላይ አለቀሰ፣ ስጋው ተረፈ። ሰኞ ስመለስ ላፒየር እንደገና መመረጡን ሰማሁ። ጁን ላይ ደግሞ ዋሽንግተን ከ21 ዓመት በታች ለሚገዛ ተጨማሪ ማጣራት የሚያስገድድ ህግ ወጣ፣ ኤንአርኤ እየተቃወመው፣ ዕድሜው ግን እዛው 18 ላይ ቀረ። ህጉን ያደራደረው የቴክሳሱ ሴናተር ኮርኒን የራሱ ፓርቲ ስብሰባ ላይ በተቃውሞ ጩኸት ተቀበሉት፣ እዛው ጆርጅ አር ብራውን ውስጥ።

2024 ሜይ ላይ ተራው የዳላስ ሆነ። ላፒየር በጃንዋሪ ለቋል፣ ኒውዮርክ ደግሞ ጁሪው ለማህበሩ ከ4 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንዲከፍል ፈርዶበታል። ጋሼ ደውለው "ቤትህ ነው የማድረው" አሉኝ፣ መጡ፣ ሶፋ አይመቸኝም ብለው አልጋዬን ወሰዱ። ጠዋት ቡና ላይ ያንኑ ክርክር ጀመርን ግን ያለ ነርሷ አልጥም አለ፣ በስፒከር ደወልንላት። ገና "ሄሎ" ሳንል "ጋሼ፣ 21 አስደረጓቸው?" አለች።