ሳንፋታ ተለያይተን ለመኖር የተስማማነው እንዴት ነው?

ባለቤቴ በጅቡቲ መስመር ይነዳል፤ እኔ ድሬዳዋ፣ ቀፊራ ገበያ ጨርቃ ጨርቅ እሸጣለሁ። ከተጋባን 14 ዓመት ሆኖናል፤ ሁለት ልጆች አሉን። እጁን አንስቶብኝ አያውቅም። ጭቅጭቁ ግን ቤቱን በልቶት ነበር፤ ኋላ ላይ ደግሞ ከጭቅጭቁ የባሰ ዝምታ መጣ። አንድ ማታ የመኪናው ድምፅ ከደጅ ሲሰማ ትልቋ ልጄ ሪሞቱን አንስታ ቴሌቪዥኑን ዝም አሰኘችው። ማንም አላዘዛትም። እዚያው ቁጭ ባልኩበት እንዲህ መቀጠል እንደሌለብን ወሰንኩ።

ፍቺ ግን አልፈለግሁም። የተጋባነው በቁርባን ነው፤ የንስሐ አባታችንም «ልጄ፣ ራቅ ብላችሁ ጸልዩበት እንጂ ማፍረሱን አታስቢው» አሉኝ። ሳቢያን ያለው ቤታችን ሽማግሌዎች ሁለት እሑድ ተቀመጡ። በመጨረሻ አንዱ ግማሽ ገጽ ጻፉ፦ «ለአንድ ዓመት ተለያይተው ሊኖሩ ተስማምተዋል።» ፈረምን፤ ምስክሮችም ፈረሙ። እሱ ገንደ ቆሬ ቤት ተከራየ። እኔም ያለቀልኝ መስሎኝ ነበር።

በአራተኛው ወር ባለቤቴ መኪናውን ሊሸጥ ገዢ እንዳገኘ ከሰው ሰማሁ። መኪናው የሁለታችን ነው፤ ግማሹ ብር የወጣው ከእኔ ሱቅ ነው። ወረቀቴን ይዤ ከዚራ አንድ ጠበቃ ዘንድ ሮጥኩ። አነበበና ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ፣ «እህቴ፣ ይሄ ወረቀት ስለ ገንዘብም ስለ ልጆችም አንድ ቃል የለውም፤ ፍርድ ቤትም አላየውም» አለኝ።

ያን ቀን የተማርኩትን ቀድሜ ባውቀው ኖሮ አራት ወር እንቅልፍ አላጣም ነበር። ድሬዳዋ የሚሠራበት የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ባልና ሚስት ተለያይተው ለመኖር እንዲስማሙ ይፈቅዳል። ጊዜውን መወሰን ይችላሉ፤ ሳይወስኑም መተው ይችላሉ። (ሐረር የራሱ የቤተሰብ ሕግ አለው፤ እዚያ ያላችሁ የራሳችሁን ጠይቁ።) ብዙ ሰው ፍርድ ቤት ከሚሰጠው የማሰላሰያ ጊዜ ጋር ያምታታዋል። ያኛው የፍቺ ጥያቄ ከቀረበ በኋላ የሚመጣ ነው፤ ከሦስት ወርም አይበልጥም። የእኛ ግን ፍቺ ሳይጠየቅ በሁለታችን ፈቃድ የሚደረግ ነው። ደግሞ ሕጉ በጋብቻ ውስጥ ባልና ሚስት የሚዋዋሉት ውል ፍርድ ቤት ካላጸደቀው ዋጋ የለውም ይላል። የሽማግሌዎቹ ወረቀት ዕርቅ ነበር፤ ለመኪናው ግን አይመክትም።

ከሁሉ የከበደኝ ሌላ ነው። ተለያይተን ብንኖርም ጋብቻው እንዳለ ነው። መተማመኑም፣ መደጋገፉም ግዴታ ሆኖ ይቀጥላል፤ ሁለታችንም ሌላ ማግባት አንችልም። በየግላችን ሠርተን የምናገኘውም የጋራ ነው። በዚያው ሰሞን እቁብ ወጥቶልኝ ነበር። ለጠበቃው «ይሄስ የእኔ ነው?» ስለው «ወጣልሽ ማለት ወጣላችሁ ማለት ነው» አለኝ። ደነገጥኩ፤ ግን ነገሩ በሁለት በኩል ይሠራል። የእሱም የጉዞ አበል የእኔም ነው።

ስለዚህ እንደገና ጻፍን፤ አሁን በሦስት ገጽ። መኪናው ሁለታችን ሳንፈርም አይሸጥም። ማናችንም ለብቻችን ብድር አንገባም፣ ዋስም አንሆንም። እሱ በየወሩ በ5 ለልጆቹ ቀለብ በባንክ ያስገባል፤ በእጅ አይሰጥም። ይህን እኔ ነኝ ያስጻፍኩት፤ በእጅ ሲሆን «ሰጥቻለሁ፣ አልሰጠህም» ይመጣል። የትምህርት ቤቱንና የሕክምናውን እኩል እንከፍላለን። ልጆቹ ከእኔ ጋር ይኖራሉ፤ ከመንገድ በገባ ቁጥር ቅዳሜና እሑድ እሱ ዘንድ ያድራሉ። እሱ ደግሞ በራሱ እጅ አንድ መስመር ጨመረ፦ «ሳልደውል አልመጣም።» ጠበቃው ይህ ለፍርድ ቤት አያስፈልግም ብሎ ሊያወጣው ነበር፤ እኔ አይወጣም አልኩ።

ፍርድ ቤት የፈራሁትን ያህል አልነበረም። ዳኛዋ ለየብቻችን ጠየቁን፤ ማንም አስገድዶኝ እንደሆነ፣ ስለ መኪናው የተጻፈው ገብቶኝ እንደሆነ። የልጆቹን ክፍል ደግመው አነበቡትና አጸደቁት። እኔ ዘንድ አንድ ኮፒ አለ፣ እሱ ዘንድ አንድ።

ለእኔ የሠራው ሁሉ ለሁሉም ይሠራል አልልም። ቤቷ ውስጥ የምትመታ ሴት ካለች ተለያይቶ መኖርን የምትደራደርበት ጊዜ የላትም፤ መጀመሪያ ነፍሷን ታድን። ባሏ ገንዘብ የሚደብቅም ከሆነ፣ ጋብቻው እስካለ ድረስ የእሱ ዕዳ እሷንም ሊነካት እንደሚችል አውቃ ትግባበት። እኛን ያገዘን ሁለታችንም መፍረሱን አለመፈለጋችን ነው። ሽማግሌዎቹንም አላማርርም። እነሱ ባያስቀምጡን ጠበቃ ዘንድ የምንደርሰው በክስ ነበር። ብቻ ወረቀቱን ከእነሱ እጅ ተቀብዬ በማግስቱ መሄድ ነበረብኝ።

ዓመቱ ሲያልቅ ተነጋግረን ስድስት ወር ጨመርንበት፤ ጭማሪውንም ፍርድ ቤት አስጸደቅነው። እስከ ሐምሌ 30 ነው። ሐምሌ 19 ቁልቢ ገብርኤል አራታችንም በአንድ መኪና እንሄዳለን። ይህም ሁለተኛው ገጽ ላይ ተጽፏል።